ባቡር የቆመበት ምድር

የአገራችን ከተሞች አብዛኞቹ አባታቸው ይታወቃል። አንዱን ንጉሥ ቆርቁሮታል፤ ሌላው በደብር ዙሪያ ተሰብስቦ አድጓል፤ ሌላው ደግሞ የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በሚያወርድበት የመንገድ መጋጠሚያ ላይ በቅሏል። ድሬዳዋ ግን ከእነዚህ ከአንዱም አልተወለደችም። እርሷን የወለዳት የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ይኸውም የምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ለማውጣት የሚጠይቀውን ወጪ ከካዝናው ጋር አስተያይቶ እንደማያዋጣው የወሰነበት መዝገብ።

ይህን የቆየ ነገር ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈጣን ባቡር የሕዝብን አሰፋፈርና የኢንዱስትሪን አቀማመጥ እንዴት እንደሚለውጥ በዓለም ዙሪያ ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። በእኛም አገር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚነዳ ባቡር ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነሥቶ ጅቡቲ ይደርሳል። ሐዲድ ካለ ልማት አለ፣ ልማት ካለ ከተማ አለ የሚለው አስተሳሰብ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ሕግ ሲነገር እንሰማለን። የመቶ ዓመቱ ታሪካችን የሚያሳየን ግን ጉዳዩ እንደዚህ ቀጥ ያለ አለመሆኑን ነው። ባቡር ከተማ የሚያበቅለው በሚሮጥበት አገር ሁሉ ሳይሆን በሚቆምበት ቦታ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚቆምበት ቦታ ይቀንሳል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የሥራ ፈቃድ ሐዲዱ በሦስት ክፍል እንዲዘረጋ ያስብ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያውን ካቋቋመ በኋላ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በውሉ ላይ እንደሚታየው የመጀመሪያው ትልቅ ግብ ሐረር ነበረች። ከዘይላና ከታጁራ የሚነሣው የግመል ሲራራ የሚያርፍባት፣ ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ የሚመዘንባት፣ በግንብ የታጠረች ጥንታዊት የንግድ ከተማ እርሷ ናትና።

ነገር ግን ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከሥሯ ያለው ሜዳ ግን ከ1,200 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ ከ600 ሜትር በላይ በሆነ ዐቀበት ላይ ሐዲድ ማውጣት ገንዘቡ ገና ከመንገዱ መጀመሪያ ያለቀበትን ኩባንያ የሚያንኮታኩት ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው ታጠፈ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርብቶ አደሩ ከብቱን በሚያሰማራበት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ዳር ቆመ። ለቦታው የወጣለት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ስሙ አልዘለቀም፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር፤ ሐረር ወደ ባቡሩ ካልወረደች ባቡሩ ሌላ ሐረር ይሠራል ማለት ነው።

እንደታሰበውም ሆነ። በአሮጌዋ ሐረር ሱቅና መጋዘን የነበራቸው የህንድ፣ የዓረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች እየተራራቁም ቢሆን ወደ ሜዳው ወረዱ። ቡናው ከደጋው በአጋሰስ ወርዶ በድሬዳዋ መጋዘን ይከማች ጀመር። የዘይላ መንገድ ቀዘቀዘ፤ የታጁራም እንዲሁ። ሐረር የአገረ ገዥ መቀመጫነቷን አላጣችም፤ የደጋው ገበሬ ገበያም ለእርሷ ቀረላት። የሩቁ ንግድ ግን ከእጇ ወጣ። አንድ የታሪክ ተማሪ ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያገናኘውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል፤ በዚህ መንገድ ላይ የወረደው ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የአንድ ከተማ የብዙ ዘመን ድርሻ ነው።

በዚህ ሂደት የተጎዳው የከተማው ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ግመሉን እያከራየ፣ ሲራራውን እየመራና እየጠበቀ የሚኖረው የኢሳና የአፋር አርብቶ አደር ሐዲዱ የግጦሽ መሬቱንና የኪራይ ገቢውን በአንድ ጊዜ ሲቆርጥበት ዝም ብሎ አላየም። በሐዲድ ሠሪዎች ላይ የደረሰው ጥቃት በዘመኑ የአውሮፓውያን ጽሑፎች ዘንድ የሽፍትነት ሥራ ተደርጎ ነው የተገለጸው። ከኢኮኖሚው አንጻር ስናየው ግን ኑሮው በድንገት ከእጁ የተነጠቀ ሕዝብ የሰጠው መልስ ነበር።

የሚያስገርመው ደግሞ የኩባንያው ውድቀት የከተማዋ ዕድል መሆኑ ነው። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል ባቡሩ የማን መሣሪያ ይሁን በሚል የተነሣው ሽኩቻ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. በሦስትዮሽ ስምምነት እስኪለዝብ ድረስ ገንዘብ አላገኝ ያለው ኩባንያ በመጨረሻ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊያን አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ እስኪቋቋም ድረስ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ድሬዳዋ ማለፊያ ሳትሆን መጨረሻ ነበረች። ከባቡር የወረደው ሁሉ እዚያ አድሮ፣ እዚያ ተራግፎ፣ እዚያ በበቅሎና በግመል ተጭኖ ነበር ወደ ሸዋ የሚጓዘው። አንድ ቦታ ለጥቂት ዓመታት መጨረሻ መሆኑ ለዘለዓለም ማለፊያ ከመሆን የበለጠ ሥር ያስይዘዋል።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ድረስ ሰፈሩን በፈረንሳይኛ ስሙ «ለገሃር» እያልን የምንጠራለት የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ግን በ1922 ዓ.ም. ነበር። በእነዚህ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተጓዡ አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። የእንፋሎቱ ባቡር ደግሞ እንደ ከብት ውሃ ይጠማዋል፤ በየተወሰነ ርቀት ካልጠጣ አይሄድም። እንግዲህ የመስመሩን ከተሞች የፈጠራቸው ይህ ድካምና ጥማት ነው። ውሃ በሚቀዳበት ቦታ ውሃ ቀጂ አለ፤ ውሃ ቀጂ ባለበት ሻይ የምታፈላ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት አለች፤ እርሷ ባለችበት ቤት አለ። የጣቢያው ሹም፣ የሐዲድ ጠጋኙ ጓድ፣ ቴሌግራም የሚመታው ጸሐፊ ቤተሰብ አምጥቶ ይሰፍራል።

ይሁን እንጂ ባቡር የቆመበት ሁሉ ከተማ ሆኗል ብንል ስሕተት ነው። ኤረርን፣ ጎታን፣ አፍደምን፣ ሙሉን የሚያውቅ ይመሰክራል። እነዚህ ጣቢያዎች እንደ ድሬዳዋ ሁሉ ባቡር ይቆምባቸው ነበር፤ ነገር ግን ትንንሽ የጣቢያ መንደሮች ሆነው ቀሩ። ምክንያቱ ከመልክዐ ምድሩ ይነሣል። ሐዲዱ የጨርጨርን ተራሮች ሸሽቶ በቆላው ሲዘረጋ ቡናውንና እህሉን የሚያመርተው ገበሬ ከላይ በደጋው ቀረ፤ ከጣቢያው እስከ ገበሬው ድረስ ግን ደህና መንገድ አልነበረም። ድሬዳዋ ያደገችው ባቡር ስለቆመባት ብቻ ሳይሆን የሐረር መንገድ ከሐዲዱ ጋር የተጋጠመው በእርሷ ላይ ስለሆነ ነው። አዳማ የአርሲ እህል የሚወርድባት፣ ሞጆ ደግሞ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሲዳሞ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት በመሆናቸው ነው ከመንደርነት ያለፉት። ከጎን መንገድ ያጣ ጣቢያ ውሃ እንደሌለው ጉድጓድ ነው፤ አፉ ክፍት ነው፣ ከሥሩ ግን የሚወጣ የለም።

ኢንዱስትሪውም የተከተለው ይህንኑ መስመር ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካና የጥጥ ፋብሪካ በድሬዳዋ የተተከሉት ሥራቸው ከኢጣሊያ ወረራ ዓመታት ጀምሮ ነው። ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካ ከአዳማ ጣቢያ ብዙም አይርቅም፤ የመተሐራውም ስኳር ከሐዲዱ ጎን ተነሣ። ከአቃቂ እስከ አዳማ ያለው የፋብሪካ ሰንሰለት ዛሬ በአስፋልት ዳር የተሰለፈ ቢመስልም የመጀመሪያዎቹን ቀለበቶች ያሰናኘው ሐዲዱ ነው።

ከፋብሪካዎቹ ሁሉ ግን ለድሬዳዋ ትልቁ የራሱ የባቡሩ መጠገኛ ነበር፤ ሠራተኛው በፈረንሳይኛ «አትልዬ» የሚለው። በዚያ ግቢ ውስጥ ብረት ይቀለጥ ነበር፤ ቅርጽ ይወጣለት ነበር፤ ከውጭ ሊመጣ ወራት የሚፈጅ ዕቃ እዚያው ተቀርጾ ይገጠም ነበር። በደሞዝ የሚተዳደር፣ በፊሽካ የሚገባና በፊሽካ የሚወጣ፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርስ ላብ አደር በአገራችን አስቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ይነገሩ ነበር። ከደቻቱ ወዲህ ቀጥ ባለ ጎዳናና በዛፍ ጥላ የተሠራው ከዚራ የኩባንያው ሹማምንት ሰፈር ሲሆን፣ ከወንዙ ማዶ የነበረው መጋላ የነጋዴውና የሠራተኛው ነበር። የመደብ ልዩነትን በወንዝ ለክቶ የሚያሳይ እንዲህ ያለ የከተማ ካርታ ለተውኔት ጸሐፊ መድረኩን ራሱ ሠርቶ ያቀርብለታል።

በእርግጥም ይህ ጸሐፊ ለአንድ ተውኔት መነሻ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ በነበረ ጊዜ ከዚያ ግቢ ገብቶ ነበር። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ አዛውንት መዶሻውን «ማርቶ»፣ መፍቻውን «ክሌ» እያሉ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው አዞሩን። የትኛው ማሽን በየትኛው ዓመት እንደገባ፣ ማን እንደሠራበት፣ የማን ጣት እንደወሰደ ያውቃሉ። «አባባ፣ ዛሬ ምን ይሠራበታል?» ብንላቸው «እንዳይዝግ እናስነሣዋለን» አሉን፤ ሌላም አልጨመሩ። ከዚያ በኋላ ተውኔቱን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያች መልስ የተሻለ መስመር ግን እስካሁን አላገኘሁም።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? የውድቀቱ ታሪክ ረጅም ቢሆንም ሥሩ አጭር ነው። ከወረራው ዘመን ጀምሮ የተሠራውና በኋላም የተስፋፋው የአሰብ መንገድ ጭነቱን ለከባድ መኪና ሰጠ። በ1969 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ተጠግኖ ሥራ ቢጀምርም ሐዲዱ ያረጀ፣ ሠረገላው የተዳከመ፣ ገቢው የማይሸፍነው ሆኖ ቀጠለ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እንኳ ጭነቱን የተሸከመው መኪናው ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጉዞ ቆመ። በባቡር ላይ ሸቀጥ እያመላለሱ ልጆች ያሳደጉ እናቶች፣ በየጣቢያው ብርቱካንና ፓፓያ የሚሸጡ ልጆች፣ አህያና ጋሪ ያላቸው ሰዎች ኑሯቸው ከሐዲዱ ጋር አብሮ ቆመ።

ከተማዋ ግን አልሞተችም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ከ100,000 ጥቂት ያነሰ የነበረው የድሬዳዋ ከተማ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ወደ 165,000፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 233,000 ደርሶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ሕዝቡ የበዛው ባቡሩ እየተዳከመ በሄደበት ዘመን ነው። ባቡር ከተማን ይወልዳል፤ ከተወለደች በኋላ ግን ከተማ በገበያዋ፣ በትምህርት ቤቷ፣ በዝምድናዋ ራሷን ትመግባለች። የጎደለው ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ሲጨምር ሙያውን የሚያስተምረው የጥገና ግቢ ባዶ ሆነ።

አሁን ወደ ፈጣኑ ባቡር እንምጣ። በዓለም ላይ ፈጣን ባቡር የሚባለው በአዲስ ሐዲድ ላይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጓዘው ነው። የእኛው አዲሱ ባቡር ለመንገደኛ 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በዚህ ሚዛን ፈጣን አይባልም። ነገር ግን ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ሦስት ቀኑን አንድ ቀን አድርጎታልና በእኛ ምድር ላይ የሚያመጣው ለውጥ የፈጣን ባቡር ጠባይ አለው። ስለዚህ ፈጣኑን የቀደሙ አገሮች ምን እንዳዩ ማወቅ ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር በጃፓን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ በ515 ኪሎ ሜትር ላይ ሥራ ጀመረ። ጃፓኖች ከዚያ ልምድ አንድ ቃል አወጡ፤ «የቀሰም ውጤት» ይሉታል። ሁለት ዕቃ በቀሰም ሲገናኝ ጉልበት ያለው አፍ ከደካማው ይመጣል እንጂ ደካማው ከብርቱው አይመጥም። ኦሳካ የጥንት የነጋዴዎች ከተማ ስትሆን ብዙ ኩባንያዎቿ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ወይም የዋና መሥሪያ ቤታቸውን ሥራ ወደ ቶኪዮ አዛውረዋል። ባቡሩ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ይሁንና ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ሲቻል የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት አስፈላጊነት ይቀንሳል። በዚሁ መስመር ላይ በእርሻ መሀል የተሠሩ ሁለት ጣቢያዎች ነበሩ። ሺን ዮኮሃማ ለብዙ ዓመታት ጥቂት ባቡር ብቻ የሚቆምበት ጭር ያለ ስፍራ ነበር፤ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1985 ሲደርሰው ግን መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከ2008 ወዲህ በዚያ የማይቆም ፈጣን ባቡር የለም፣ ዙሪያውም የቢሮ ከተማ ሆኗል። ጊፉ ሐሺማ የሚባለው ሁለተኛው ግን ያን የመሰለ ዕድል አልገጠመውም። በፈረንሳይም ሊዮን ፈጣኑን ባቡር በአዲሱ የንግድ ሰፈሯ መሀል አስገብታ ተጠቀመች፤ በሰሜን በኩል እ.ኤ.አ. በ1994 በአሚየንና በሴን ካንተን መካከል የተሠራው ጣቢያ ግን ከሁለቱም ከተሞች የራቀ ስለሆነ ሕዝቡ «የቀይ ሥር ማሳ ጣቢያ» ብሎ ተሳለቀበት። ኤረርና አፍደም ፈረንሳይኛ ቢናገሩ ኖሮ የሚሉትን ነው የተናገረው።

በእኛ አገር አዲሱ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኝቶ፣ በሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ውሃ አይጠማውም፤ ሌሊት ማደር አያስፈልገውም። ስለዚህ ያ ውሃ ቀጂው፣ ያቺ እንጀራ ጋጋሪዋ የሚገቡበት ቀዳዳ በአሠራሩ ውስጥ የለም። የመንገደኛው ባቡር የሚቆምባቸው ከተሞች ጥቂቶች ናቸው። ጣቢያዎቹም ከከተማው ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ የአዲስ አበባው በፉሪ ለቡ፣ የአዳማውና የድሬዳዋውም እንዲሁ በዳርቻ። መሐንዲሱ ለዚህ በቂ ምክንያት አለው፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ ጠባብ ከተማ ውስጥ ጠምዝዞ አይገባም፣ ቤት ማፍረሱም ዋጋው ብዙ ነው። በ1895 ዓ.ም. የነበረው መሐንዲስም በቂ ምክንያት ነበረው፤ ሐረርን ያጎደለው ምክንያት ማጣቱ አልነበረም።

ከጭነቱ በኩል ስናየው ተስፋው የበለጠ ነው። ሞጆ የደረቅ ወደብ አላት፤ በአዳማና በድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተሠርተዋል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፈተ። ነገር ግን ቀሰሙን እንዳንረሳ። በዚህ ሐዲድ አንዱ ጫፍ ላይ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ዋና ከተማ፣ በሌላው ጫፍ ላይ ወደብ አለ። የውጭው ኮንቴይነር ከወደብ ተነሥቶ ዋና ከተማ ዳርቻ እስኪደርስ ድረስ በመሀል ያለው አገር ለባቡሩ ርቀት ብቻ ነው። ርቀቱን ወደ አገርነት የሚለውጠው የጨርጨር ገበሬ ምርቱን እስከ ጭነት ማራገፊያው የሚያወርድበት መንገድ፣ የድሬዳዋ ልጅ የአዲሱን ባቡር ሞተር በዚያው በድሬዳዋ የሚፈታበትና የሚገጥምበት የጥገና ሥራ፣ ከጣቢያ እስከ ገበያ በመደበኛ ሰዓት የሚመላለስ አውቶቡስ ነው። እነዚህ በሐዲዱ በጀት ውስጥ የሚጻፉ አይደሉም፤ በክልሉና በከተማው ዕቅድ ውስጥ ካልተጻፉ የትም አይገኙም። ካድሬው በስብሰባ፣ መምህሩ በክፍል፣ ደራሲውም በመድረኩ ስለ ባቡሩ ርዝመትና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተናግረናል፤ ስለ ሚቆምበት ቦታ ግን የተናገርነው ጥቂት ነው።

ባለፈው ጉዞዬ በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣችንን እየጎተትን ከሰፊው አደባባይ ወጥተን ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ የአሮጌው ባቡር ፉጨት ሲሰማ ገና ሕፃን ነበር። «ወዴት ልውሰዳችሁ?» አለን። «መሀል ከተማ» አልነው። «እሺ፣ ለገሃሬ» አለና ሞተሩን አስነሣ።